የአክስቴን ፊት ጥላሸት ያስመሰለው ፊልተር፦ የሰው ፎቶን ወደ ካርቱን የመቀየር ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ላይ የምርቃት ሰሞን ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይበዛብኛል። «ይቺን ፎቶ ካርቱን አድርግልኝ።» ለኩባያ ነው፣ ለቲሸርት ነው፣ ለቴሌግራም ፕሮፋይል ነው። ሰው ሁሉ አንድ ቁልፍ ተጭኜ የምገላገለው ይመስለዋል። አልፈርድበትም፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ የአክስቴ ፎቶ ነው። መንዝ ሄጄ ደጃፏ ላይ ያነሳኋት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የአንገቷ ንቅሳት ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቆንጆ ፎቶ ነበር። ጊምፕ በሚባል የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፈትኩት፣ «ካርቱን» የሚል ፊልተር አገኘሁ፣ ተጫንኩት፣ አሳትሜ ወሰድኩላት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘወር አድርጋ ዝም ብላ አየችው። «አንተ! ፊቴን ጥላሸት ምን ለቀለቀው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፊልተሩ እያንዳንዷን ሽብሽብ በጥቁር አስምሮባት፣ ንቅሳቱን ደግሞ አጥፍቶት ነበር።

ችግሩ ፊልተር ራሱ መምረጥ አለመቻሉ ነው። ካርቱን ማለት ብዙውን ጥሎ ጥቂቱን ማስቀረት ነው፤ የትኛው ይቅር የትኛው ይጣል የሚለውን ደግሞ ሰውየውን የሚያውቅ ሰው መወሰን አለበት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው መንገድ ፊልተርም አለበት፣ የእጅ ሥራም አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጅባችኋል። ከለመዳችሁት በኋላ አርባ ደቂቃ።

የምሠራው በጊምፕ ነው። ነፃ ነው፣ በየወሩ በዶላር ክፈል የሚል የለም፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። እትሙ 2.10 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ቢሆን ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ የምጠቅሰው ነገር ከዚያ በፊት አልነበረም። ፎቶሾፕ ያላችሁም አትሂዱ፣ መጨረሻ አካባቢ ለእናንተ የሚሆን አለኝ።

ፎቶው

ከመጥፎ ፎቶ ጥሩ ካርቱን አይወጣም። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

የኛ አገር ብርሃን ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል፣ ፀሐይዋ ስትወጣ ግን አትቻልም። በስድስትና በሰባት ሰዓት ሜዳ ላይ ያነሳችሁት ሰው ዓይኑ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ ከአፍንጫው ሥር ደግሞ ጺም የመሰለ ጥላ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ያንን ጥላ ከቅንድብና ከጺም አይለየውም። ስለዚህ ሰውየውን በር አፍ ላይ፣ ከውስጥ በኩል አስቀምጡት። ፊቱን ወደ ውጭ ያድርግ፣ ትንሽ ብቻ ወደ ጎን ዘንበል ይበል። አንዱ ጉንጩ ይበራል፣ ሌላው ለስለስ ያለ ጥላ ይይዛል። ካርቱን የሚፈልገው ይህን ነው፦ ግልጽ የሆነ ብርሃን በአንድ በኩል፣ ግልጽ የሆነ ጥላ በሌላው።

በስልክ የምታነሱ ከሆነ ፊቱ ላይ አትደቀኑ። ከቅርብ ሲነሳ አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ካርቱን ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና ዙም አድርጉ። የፎቶው አጭሩ ጎን ከ2000 ፒክስል ባያንስ እመርጣለሁ።

ጀርባውንም ተመልከቱ። አጎቴን ጥቁር በርኖስ አልብሼ ከጥቁር የድንጋይ ካብ አጠገብ አነሳሁት፣ በዓይን ሲታይ ግርማ ሞገሱ ሌላ ነበር። ካርቱን ሳደርገው ግን በርኖሱና ካቡ አንድ ላይ ቀለጡ፣ ጭንቅላት ብቻ አየር ላይ ቀረ። ጥቁር ልብስ ከለበሰ ነጣ ያለ ግድግዳ፣ ነጠላ ከለበሰች ጠቆር ያለ ግድግዳ።

ሌየሮቹን ማዘጋጀት

ፎቶውን ክፈቱና ወዲያው በጊምፕ በራሱ ፎርማት፣ ኤክስሲኤፍ በሚባለው፣ አስቀምጡት። በየደረጃው ኮንትሮልና ኤስ መጫን ልማድ ይሁንባችሁ። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፣ የላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ የኛ ነገር ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ቁረጡት። ራስና ትከሻ ይበቃል። ከዚያ ሌየሩን፣ ማለትም ፎቶው ያለበትን እንደ ወረቀት የሚደራረብ ገጽ፣ ሦስት ጊዜ አባዙት፤ ሺፍት፣ ኮንትሮል እና ዲ አንድ ላይ ነው። ስም ስጧቸው፣ አለዚያ ትጠፋላችሁ። የእኔ አሰያየም ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው፦ «መነሻ»፣ «ቀለም»፣ «ብርሃን»፣ «መስመር»። መነሻውን አትነኩትም። ሲበላሽባችሁ የምትመለሱት ወደ እሱ ነው፣ መበላሸቱ ደግሞ አይቀርም።

ላዩ ላይ ያሉት ሌየሮች የታቹን ስለሚሸፍኑ የማትሠሩበትን የዓይን ምልክቷን ተጭናችሁ ደብቁት።

ቀለም

«ቀለም» የሚለውን ሌየር ምረጡ። እዚህ የምንፈልገው ቆዳው እንዲለሰልስ፣ የዓይንና የከንፈር ጠርዝ ግን እንዳይፈርስ ነው። ተራው ጋውሲያን ብለር ሁሉንም እኩል ያደበዝዛል፣ አይሆንም። ፊልተርስ ውስጥ ገብታችሁ ብለር፣ ከዚያ ሴሌክቲቭ ጋውሲያን ብለር በሉ። ይኼኛው የሚያደበዝዘው እርስ በርስ የሚቀራረቡ ቀለሞችን ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ሰፋ ሲል ይተወዋል። ራዲየሱን 10 አካባቢ፣ ማክስ ዴልታ የሚለውን 0.15 አካባቢ አድርጋችሁ ጀምሩ። ከንፈር መሟሟት ከጀመረ ዴልታውን ቀንሱ። ያው ፊልተር ሁለቴ በትንሹ ቢሠራ አንዴ በብዛት ከሚሠራ ይሻላል።

ሌላም አለ፣ ሚን ከርቬቸር ብለር የሚባል፣ እዚያው ብለር ውስጥ። በብሩሽ የተቀባ ያስመስላል። ሽማግሌ ፊት ላይ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ትናንሹን ሽብሽብ ያለሰልስና ትልልቁን ያስቀራል።

ከዚያ ኮለርስ ውስጥ ገብታችሁ ሳቹሬሽኑን፣ የቀለሙን ድምቀት ማለት ነው፣ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ትንሽ ነው ያልኩት። ብርድና ንፋስ ያቀላው የመንዝ ልጅ ጉንጭ ላይ ብዙ ከጨመራችሁ ቲማቲም ይሆናል።

ብርሃን፣ ዋናው ጉዳይ

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። ካርቱን ላይ ጥላ በደረጃ ነው የሚሄደው፤ ብሩህ፣ መካከለኛ፣ ጨለማ፣ አለቀ። ያንን የሚሠራው ፖስተራይዝ የሚባለው ነው። ሰው ሁሉ በቀጥታ ባለ ቀለሙ ፎቶ ላይ ይጭነዋል። ውጤቱ? ጉንጩ ላይ አረንጓዴ፣ ግንባሩ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ። ምክንያቱም ፖስተራይዝ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ ነው የሚቆርጠው፣ ሦስቱ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አይቆረጡም። አንድ ደንበኛዬን በዚህ መንገድ የተቀቀለ ጎመን አስመስዬው አውቃለሁ።

መፍትሔው ቀለሙንና ብርሃኑን መለየት ነው። «ብርሃን» የሚለውን ሌየር ምረጡና ከኮለርስ ዲሳቹሬት አድርጉት፣ ጥቁርና ነጭ ይሁን። ትንሽ ጋውሲያን ብለር ስጡት፣ 4 ወይም 5 ፒክስል። ፖስተራይዙን የምትሠሩት እዚህ ግራጫው ላይ ነው።

ግን ቆዩ፣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር አለ፣ ጠቆር ላለ ቆዳ ወሳኝ የሆነ። ፖስተራይዝ ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ያለውን ብርሃን እኩል እኩል ይከፋፍለዋል። ስድስት ደረጃ ካላችሁት የሚቀሩት 0፣ 51፣ 102፣ 153፣ 204 እና 255 ናቸው። የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 120 ባለው መሐል ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ለፊቱ የሚደርሰው ሁለት ደረጃ ብቻ ይሆናል፣ የቀረው አራቱ ለግድግዳውና ለነጠላው ይውላል! ፊቱ ድልዝ ያለ ጭቃ ይመስላል። ያኔ ብዙዎቹ ምን ያደርጋሉ፣ ፎቶውን በሙሉ ያነጡታል፣ ጠይሙ ሰው ቀይ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ አይደለም። ኮለርስ ውስጥ ብርሃኑን የሚያስተካክለውን ሌቭልስ ክፈቱ፣ መካከለኛዋን ቀስት 1.4 ላይ አድርሷት፣ ፊቱ ይነጣል። አሁን ፖስተራይዝ አድርጉ፣ 5 ወይም 6። ከዚያ እንደገና ሌቭልስ ክፈቱና መካከለኛዋን ወደ 0.7 መልሷት። ደረጃዎቹ እንደተቆረጡ ይቀራሉ፣ ሰውየውም ወደ ራሱ መልክ ይመለሳል።

የደረጃዎቹ ጠርዝ የተቀደደ ወረቀት ከመሰለ ሚዲያን ብለር 3 ወይም 4 ስጡት፣ ይስተካከላል።

በመጨረሻ የዚህን ሌየር ሞድ፣ ማለትም ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ፣ ቀይሩ። ኤልሲኤች ከሚሉት ውስጥ «ላይትነስ» የሚለውን ምረጡ። ብርሃኑን ከዚህ ሌየር፣ ቀለሙን ከሥሩ ካለው «ቀለም» ይወስዳል። እዚህ ላይ ሲደርሱ ብዙዎች «ኧረ!» ይላሉ። እኔም ብያለሁ።

መስመር

«መስመር» የሚለውን ሌየር አሳዩ። ዲሳቹሬት አድርጉትና አባዙት። የላይኛውን ቅጂ ኮለርስ ውስጥ ኢንቨርት በሉት፣ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር ይሆናል። ሞዱን ዶጅ አድርጉት። ማያችሁ ላይ ወረቀቱ ባዶ ነጭ ሊሆን ነው፣ አትደንግጡ። አሁን እዚያው የላይኛው ላይ ጋውሲያን ብለር ስጡ፣ ከ6 እስከ 10 ፒክስል። መስመሮቹ በእርሳስ እንደተሳሉ ቀስ እያሉ ብቅ ይላሉ።

የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ፎቶውና ግልባጩ አንድ ላይ ሲሆኑ ይጣፋሉ፣ ነጭ ይሆናሉ። ግልባጩ ሲደበዝዝ ግን ብርሃን በድንገት የሚቀየርበት ቦታ ላይ፣ ማለትም የዓይን ቆብ፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ የከንፈር መገናኛ ላይ፣ መጣፋቱ ይጓደላል። የተጓደለው መስመር ሆኖ ይቀራል። ብለሩ በጨመረ ቁጥር መስመሩ ይወፍራል።

የላይኛውን በቀኝ ማውስ ተጭናችሁ መርጅ ዳውን በሉት፣ ሁለቱ አንድ ይሁኑ። ሌቭልስ ክፈቱና የጥቁሩንና የነጩን ቀስት አቀራርቧቸው፣ መስመሩ ይጠቁራል፣ ጭጋጉ ይጠፋል። ትሬሽሆልድ የሚባለውንም ያው ነገር ብለው የሚመክሩ አሉ፣ እኔ አልወደውም፣ የመስመሩን ጠርዝ መጋዝ ያስመስለዋል። ከዚያ ሞዱን መልቲፕላይ። ነጩ ይጠፋል፣ መስመሩ ብቻ ቀለሙ ላይ ያርፋል።

አሁን ማጽዳት። ነጭ ብሩሽ ያዙና እዚሁ የመስመር ሌየር ላይ የማትፈልጉትን ደምስሱ። ጉንጭ ላይ ያለ ነጠብጣብ፣ ግንባር ላይ ያለ ጭረት፣ የአንገት ጥላ፣ ሁሉም ይሂድ። አክስቴን በሁለተኛው ሙከራ ከአፍንጫ እስከ አፍ ጥግ የሚወርደውን ሽብሽብና በዓይኗ ጥግ ያሉትን ሁለት መስመሮች ብቻ ነው የተውኩት። ሁሉንም ባጠፋው ሃያ ዓመቷ ትሆናለች፣ ያ ደግሞ እሷ አይደለችም።

የጠፋውን መልሱ። አዲስ ባዶ ሌየር ጨምሩ፣ «የእጅ ሥራ» በሉት። ፓዝስ የሚባለውን መሣሪያ ያዙ፣ ቢን ብትጫኑ ይመጣል። በማውስ ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ፣ ነጥቡን ስትጫኑ ሳትለቁ እየጎተታችሁ፣ የአገጩን ቅርጽ ተከተሉ። ከዚያ ኤዲት ውስጥ ስትሮክ ፓዝ፣ «በመቀቢያ መሣሪያ» የሚለውን አማራጭና የብሩሽ ዳይናሚክስ የሚለውን ምልክት አድርጉ። ጫፍና ጫፉ የቀጠነ መስመር ሊያወጣላችሁ ይችላል፣ በብዕር የተሳለ የሚመስል። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥም ችግር የለውም፣ ነጥቦቹን እያንቀሳቀሳችሁ ታስተካክላላችሁ። የንቅሳቱን መስመሮችም በዚሁ መንገድ ነው የሠራኋቸው። ጥቁር አታድርጓቸው፤ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ነው ቀለሙ።

ሹሩባ፣ ነጠላ፣ ዓይን

ፀጉር ፊልተር የሚሸነፍበት ቦታ ነው። ሹሩባ ወደ ጥቁር እብጠት ይቀየራል። የፀጉሩን ቅርጽ በሙሉ በጥቁር ቡናማ ሙሉት፣ ድርግም ያለ ጥቁር ግን አይሁን። ከዚያ በላዩ ነጣ ባለ ቡናማ የጉንጉኑን አቅጣጫ የሚከተሉ ጥቂት መስመሮች በፓዝስ ሳቡ። ሁሉንም ጉንጉን መቁጠር የለባችሁም፣ ስድስት ሰባት ይበቃል። ጎፈሬ ከሆነ ደግሞ ጠርዙን ብቻ ሸካራ አድርጉት፣ መሐሉን ተዉት።

ነጠላ ነጭ ስለሆነ ፖስተራይዙ ባዶ ወረቀት ያደርገዋል። እጥፋቶቹን ሰማያዊነት ባለው ፈዛዛ ግራጫ በትልቅ ብሩሽ ጨምሩለት። ጥለቱን ግን በፊልተር አትመኑት። ዋና ዋናዎቹን ሦስት ቀለሞች ከፎቶው ላይ በቀለም መልቀሚያው ውሰዱና የጥለቱን መስመር ራሳችሁ ቅቡት። የጥለት ዝርዝር ቢዛነፍ ግድ የለም፣ ቀለሙ ከተሳሳተ ግን ባለቤቷ ወዲያው ታውቃለች።

ዓይን። ዓይኑን ከመንካታችሁ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡ፣ ከዚያ ከሚታየው ሁሉ አንድ አዲስ ሌየር ፍጠሩ፤ ሌየር ሜኑ ውስጥ ኒው ፍሮም ቪዚብል ይላል። ዋርፕ ትራንስፎርም የሚባለውን ያዙና «ግሮው» የሚለውን ምረጡ። ብሩሹ ከዓይኑ ትንሽ ይስፋ፣ ኃይሉን ወደ 20 ዝቅ አድርጉት፣ ዓይኑ መሐል አንድ ሁለቴ ጫን ጫን በሉ። ሁለቱም ዓይኖች ላይ እኩል ቁጥር ቁጠሩ! ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ጉጉት ትሠራላችሁ። ብሌኑ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ጨምሩ፣ ብርሃኑ በመጣበት በኩል፣ በሁለቱም ዓይን አንድ ቦታ ላይ። ጥርስ ከታየ በመሐሉ መስመር አታስምሩ። አንድ ነጭ ቅርጽ አድርጉት፣ አለዚያ አስፈሪ ነው።

ጀርባ

አንድ ቀለም ብቻ ብታፈሱበትም ያምራል። እኔ ብዙ ጊዜ ተራራ እጨምራለሁ፣ ምክንያቱም ከአንኮበር ቁልቁል ሲታይ ያለው ሸንተረር በተፈጥሮው ካርቱን ነው። ሦስት ተደራራቢ ቅርጽ፦ የቅርቡ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ቀጣዩ ሰማያዊ፣ የሩቁ ሰማይ ሊመስል ትንሽ የቀረው ፈዛዛ ሰማያዊ። የሩቁ ሁሌም የቅርቡን ያህል አይጠቁርም። ጀርባው ላይ መስመር አታስምሩ፣ መስመር ለሰውየው ብቻ ይሁን፣ ያኔ ፊቱ ወደ ፊት ይወጣል።

ፎቶሾፕ ለያዛችሁ

መንገዱ ያው ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያያል። ለቆዳው ሰርፌስ ብለር። ለብርሃን ሌየሩ ሞድ ሉሚኖሲቲ። ለመስመሩ ከለር ዶጅ። ለዓይን ሊኩፋይ፣ እሱ ፊትን ራሱ ያገኝና የዓይን መጠን የሚል መቆጣጠሪያ ይሰጣችኋል። ፊልተር ከመጫናችሁ በፊት ሌየሩን ስማርት ኦብጀክት አድርጉት፣ ቁጥሩን በኋላ መቀየር ትችላላችሁ። ፊልተር ጋለሪ ደብዝዞ አልከፈት ካላችሁ ፎቶው አርጂቢ እና 8 ቢት መሆኑን እዩ። ኮምፒውተር የሌላችሁ ደግሞ ፎቶፒያ በብሮውዘር ይሠራል፣ አሠራሩም ፎቶሾፕን ይመስላል።

ፎቶ ስትሰጧቸው ሁሉንም ራሳቸው የሚጨርሱ የስልክ አፖችም አሉ። አልከለክልም። ግን የሰው ፊት ወደማታውቁት ቦታ እየላካችሁ መሆኑን እወቁ፣ ባለቤቱን ጠይቁ። ደግሞ አብዛኞቹ ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት አገጭ ይሰጡታል።

ማስቀመጥና ማተም

ኤክስሲኤፉን አትጣሉት። ለሌላው ሁሉ ኤክስፖርት አድርጉ፣ ፒኤንጂ። ጄፔግ በመስመሮቹ ዙሪያ ትንኝ የመሰለ ቆሻሻ ያወጣል፣ ካርቱን ላይ ደግሞ ቶሎ ይታያል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ያሳንሰዋል።

ኤ4 ላይ በ300 ዲፒአይ ለማተም 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልጋል። ለኩባያ የማተሚያ ቤቱን ልክ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ፊቱን ከእጀታው በተቃራኒ አድርጉት፣ ከዳርና ዳር ቦታ ተዉ። ማያ ላይ የምታዩት ሁሌም ከወረቀቱ ይደምቃል፤ ስለዚህ ከማተማችሁ በፊት ምስሉን በሌቭልስ ትንሽ አንጡት። ሙሉውን ትእዛዝ ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ብቻ አሳትሙና ውጭ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። አንድ ጊዜ ይህን ዘልዬ ሃያ ኩባያ ሙሉ ከሰል የመሰለ ተመራቂ ይዤ ቀርቻለሁ።

አክስቴ ጋ ሁለተኛውን ይዤ ስሄድ መጀመሪያ ያየችው አንገቷን ነው። ንቅሳቱን በጣቷ ተከተለችና «ይቺኛዋ መስመር ወደ ግራ ነው የምትታጠፈው» አለችኝ። ፋይሉ ስላለኝ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።